«እጄ ረስቷል ወይስ ድሮም አልቻለም?»

ከጅማ የጻፉልን ጠያቂያችን የ39 ዓመት እናት ሲሆኑ በአንድ የግል ድርጅት ውስጥ በሒሳብ ሠራተኛነት ያገለግላሉ። በተማሪነታቸው ዘመን የልብን፣ የዓይንንና የአበባን ክፍሎች በቻርት ላይ የሚሥሉት እርሳቸው እንደነበሩ፣ መምህራኑም ቻርቶቹን ከክፍል ክፍል እያዞሩ ያስተምሩባቸው እንደነበር ገልጸዋል። ዐሥረኛ ክፍል ሳሉ ግን የአክስታቸውን ፊት ከጉርድ ፎቶግራፍ ላይ እያዩ ሥለው ለበዓል በተሰበሰበው ቤተ ዘመድ ፊት ቢያቀርቡ፣ አንድ ዘመድ «ይህቺ ደግሞ የማን አያት ናት?» ብሎ ቤቱን በሳቅ ሞላው፤ ከዚያን ቀን በኋላ እርሳስ ለሥዕል አላነሡም። ባለፈው ክረምት መብራት ጠፍቶ ሥራ በቆመበት ሰዓት በአሮጌ ደረሰኝ ጀርባ ላይ ፊት ለፊታቸው የነበረውን ወንበር ሲነድፉ፣ አንዲት ባልደረባቸው «አንቺ ትሥያለሽ እንዴ?» ብትላቸው ደንግጠው ወረቀቱን ቀደዱት። በማግሥቱ የሥዕል ደብተርና ባለ 24 ቀለም እርሳስ ገዝተው ቢገቡም ደብተሩ እስከ ዛሬ ነጭ ነው። የጠየቁን ሦስት ነገር ነው፤ እጃቸው ረስቶ ነው ወይስ ድሮም ችሎታው አልነበራቸውም? ወደ ቀድሞው ለመመለስ አዲስ አበባ ሄደው መማር አለባቸው? የአክስታቸውንስ ፊት እንደገና ቢሞክሩት ምን ይመስለናል?

ውድ ጠያቂያችን፣

ሥዕሉን ስላላየሁት እንዲህ ነበር ብዬ መመስከር አልችልም። ይሁን እንጂ ፊትን ለመጀመሪያ ጊዜ የሚሥል ሰው ሁሉ ማለት ይቻላል የሚሠራው አንድ ስሕተት ስላለ፣ ዘመድዎ የሳቁበትም እርሱ ሳይሆን አይቀርም ብዬ እገምታለሁ። የአዋቂ ሰው ዓይኖች የሚገኙት ከአናት እስከ አገጭ ባለው ርዝመት መካከል ላይ ነው። ጀማሪ ግን ሐሳቡን የሚስቡት ዓይን፣ አፍንጫና አፍ ስለሆኑ ለግንባርና ለጠጉር ትንሽ ቦታ ብቻ ትቶ ዓይኖቹን ወደ ላይ ይሰቅላቸዋል፤ በዚህ ጊዜ የራስ ቅሉ የተቆረጠ ይመስላል፣ ከዓይን በታች ያለው ፊት ደግሞ ረዝሞ ይንጠለጠላል። በዚያ ላይ ከአፍንጫ ጎን ወደ ከንፈር ጫፍ የምትወርደውን ለስላሳ ጥላ በጠቆረ መስመር ካሰመሩባት፣ የ30 ዓመት ሴት በአንድ ጊዜ የ70 ዓመት ባልቴት ትሆናለች። «የማን አያት ናት?» የሚለው ቀልድ ለልጅ ልብ ጨካኝ ቢሆንም፣ ስለ ሥዕሉ የሚናገረው ነገር ምናልባት ይኸው ብቻ ነበር፤ ዓይኖቹ በአንድ ጣት ያህል ከፍ ብለዋል፣ ሁለት መስመሮችም ከሚገባው በላይ ጠቁረዋል። በዚያ ቤት ውስጥ «ዓይኖቹን ትንሽ አውርጃቸው» የሚል አንድ ሰው ቢኖር ኖሮ የእርስዎ ታሪክ በሌላ መንገድ ይሄድ ነበር ብዬ አምናለሁ። ያልነበረው ያ ሰው ነው እንጂ የእርስዎ ተሰጥዖ አይደለም።

ወደ መጀመሪያው ጥያቄዎ ስመለስ፣ ያቀረቧቸው ሁለቱም አማራጮች ትክክል አይመስሉኝም። በቻርት ላይ ልብን ከመማሪያ መጽሐፍ እያዩ መሣልና በፊት ለፊት የተቀመጠን ነገር ማየትና መሣል ሁለት የተለያዩ ሙያዎች ናቸው። በመጽሐፉ ላይ ያለውን ልብ አንድ ሠዓሊ አስቀድሞ ወደ መስመር ለውጦታል፤ የቱ መስመር እንደሚገባና የቱ እንደሚቀር የወሰነው እርሱ ነው፣ የእርስዎ ድርሻ መስመሩን በትክክል ማዛወር ነበር። ይህንንም አሳምረው ይሠሩት እንደነበር የመምህራኑ አደራ ይመሰክራል። መገልበጥ የሚናቅ ነገር አይደለም፤ የአገራችን የቤተ ክርስቲያን ሠዓሊዎች ሙያውን ሲወራረሱ የኖሩት የመምህሮቻቸውን ሥራ እየገለበጡ ነው፤ ቅዱሳን በሁለት ዓይን ፊት ለፊት፣ ክፉዎች ደግሞ በአንድ ዓይን በጎን እንዲሣሉ የሚያዘው ሥርዓትም በዚሁ መንገድ ሲተላለፍ ቆይቷል። የአክስትዎን ፊት ሲሥሉ ግን ሥጋን፣ ብርሃንንና ጥላን ወደ መስመር የመለወጡ ሥራ በእርስዎ ላይ ወደቀ፤ ይህን ደግሞ ማንም አላስተማረዎትም። ስለዚህ እጅዎ የረሳው ነገር ጥቂት ነው፤ የቀረው ግን ገና ያልተማሩት ነው።

አሁን ደብተሩን ነጭ አድርጎ ያስቀረው ሌላ ነገር ነው። እጅዎ በ16 ዓመትዎ በቆመበት ሲቆም ዓይንዎ ግን አልቆመም፤ ባለፉት 23 ዓመታት በየመጽሔቱ፣ በየማስታወቂያውና በየስልኩ ላይ ስንትና ስንት ሥዕል አይቷል፣ ጥሩውንና መጥፎውን መለየትም ተምሯል። በእርስዎ ከተማ ቡና መቃጠሉን ገና በመጀመሪያው ፉት የማያውቅ ሰው ባይኖርም፣ ያ ሁሉ ሰው ቡና ቆልቶ ያሳምራል ማለት ግን አይደለም። እርስዎም የመጀመሪያውን መስመር ገና ሳያሰምሩት የ39 ዓመት ዓይንዎ የ16 ዓመት እጅዎን ይኮንነዋል። ብዙ ሰው ይህን ስሜት የችሎታ ማነስ ማስረጃ አድርጎ ይወስደዋል፤ እኔ ግን ተቃራኒው ነው እላለሁ፤ ስሕተቱን የማያይ ዓይን ያለው ሰው ሊታረም አይችልም፣ እርስዎ ግን ያያሉ። በራስ መተማመኑ እስኪመለስ ድረስ እርሳስ አላነሣም ማለት ግን የማይመጣ እንግዳ መጠበቅ ይሆናል። መተማመኑ የሚመጣው ከተሣሉ ገጾች በኋላ ነው፤ ያውም ሳይታወቅዎት።

እንግዲህ ምን ይሣሉ? ቤትዎ ውስጥ ባለሦስት እግር የጅማ በርጩማ እንዳለ እገምታለሁ፤ ከሌለም ከጎረቤት ይዋሱ። ለጀማሪ የሚሆን ከዚህ የተሻለ አስተማሪ አላውቅም፤ ከአንድ ግንድ የተፈለፈለ ስለሆነ መጋጠሚያና ምስማር የሌለው፣ የማይነቃነቅ፣ የማይሰለችና የማይስቅ ነው። ከመስኮቱ የሚገባው ብርሃን ከአንድ ወገን እንዲያርፍበት አድርገው መሬት ላይ ያኑሩት፤ ሦስት እርምጃ ያህል ራቅ ብለውም ይቀመጡ። ከዚያ እርሳሱን ይዘው ክንድዎን ሳያጥፉ ወደ ፊት ዘርጉ፤ አንድ ዓይንዎን ጨፍነው የእርሳሱን ጫፍ በመቀመጫው የላይኛው ጠርዝ፣ አውራ ጣትዎን ደግሞ በቅርቡ እግር ታችኛ ጫፍ ላይ አሳርፉ፤ ቁመቱ ይኸ ነው። ጣትዎን ሳያነቃንቁ እርሳሱን አጋድመው ስፋቱ ከቁመቱ ጋር እኩል መሆኑን ወይም ማነሱን ይመልከቱ። ክንድዎ ከታጠፈ ወይም ጭንቅላትዎን ካንቀሳቀሱ ልኬቱ ይበላሻል። በሥራዎ ገቢና ወጪው እኩል ሳይመጣ ሒሳብ የማይዘጉ ሰው ስለሆኑ ይህን ክፍል ይወዱታል ብዬ እገምታለሁ፤ ብዙዎች ግን ተሰጥዖን የሚቃወም የሚመስላቸው እዚህ ላይ ነው፤ ሠዓሊ አይለካም ብሎ ማን እንዳስተማራቸው አላውቅም።

ልኬቱን በቀላል መስመር ካስቀመጡ በኋላ እግሮቹን አይሣሉ። በእግሮቹ መካከል ያለውን ባዶ ቦታ ይሣሉ። ይህ የሠዓሊዎች የቆየ ዘዴ ሲሆን የሚሠራበትም ምክንያት ግልጽ ነው፤ «እግር» ሲባል አእምሯችን ከልጅነት ጀምሮ ያከማቸው ምስል ስላለው ዓይናችን ሳያጣራ እጃችን ያንኑ ያወጣዋል፤ በሁለት እግሮች መካከል የሚታየው የወለልና የግድግዳ ቁራጭ ግን ስምም የተከማቸ ምስልም የለውም፣ ስለዚህ የግድ ማየት ይኖርብዎታል። ላይኛው ጎኑ በመቀመጫው ጠርዝ ይጎብጣል፣ ግራ ጎኑ ወደ ውስጥ ያዘነብላል፣ ቀኝ ጎኑ ከታች ሰፋ ይላል፤ ቅርጹን እንዳዩት ያስቀምጡት። እግሮቹ በራሳቸው ጊዜ ከባዶዎቹ መካከል ይወጣሉ። በዚህ ጊዜ አንድ ነገር ያስደነግጥዎታል፤ ወደ ኋላ ያለው እግር ታችኛ ጫፍ ከፊተኞቹ ከፍ ብሎ በወረቀቱ ላይ ያርፋል። ወለሉ ልሙጥ መሆኑን ስለሚያውቁ ሦስቱንም በአንድ መስመር ላይ ማቆም ያምርዎታል፤ ካቆሟቸው ግን በርጩማው ወደ ፊት የሚደፋ ይመስላል። በሚያውቁትና በሚያዩት መካከል የሚደረገው ሙግት የሚጀምረው ከዚህ ነው፣ ከዚያ በኋላ በማንኛውም ሥዕል ላይ አይለቅዎትም።

ጥላውን ለማየት ዓይንዎን ጠበብ ያድርጉት፤ የእንጨቱ ዝርዝር ይጠፋና ብርሃን፣ መካከለኛና ጨለማ የሚባሉ ሦስት ደረጃዎች ብቻ ይቀራሉ። ጎድጎድ ያለው መቀመጫ ውስጥ ጥላው ከብርሃኑ ወገን ጀምሮ ወደ ማዶ እየሳሳ ይሄዳል፤ እግሮቹ ወለሉ ላይ የሚጥሉት ጥላ ደግሞ ከሥራቸው ላይ በጣም ይጠቁራል። ለመጀመሪያው ወር ከዚህ የበለጠ የጥላ ትምህርት አያስፈልግዎትም።

በርጩማው ሲሰለችዎት ወደ ሲኒ ይሸጋገሩ። ጀበናን ለጊዜው ይተዉት፤ አንገቷና ሆዷ ግራ ቀኝ ካልተመጣጠኑ ስሕተቱ ወዲያው ስለሚታይ ጀማሪን ታስቀይማለች። ሲኒ ግን ትልቅ ነገር ታስተምራለች። ሲኒዋን ከዓይንዎ ትክክል ከፍ አድርገው ቢይዟት አፏ አንድ ቀጥ ያለ መስመር ይሆናል፤ ዝቅ ባደረጓት ቁጥር አፏ እየተከፈተ ሞላላ ቅርጽ ይይዛል፤ ረከቦቱ ላይ ስትቀመጥ ደግሞ ከላይ ስለሚያይዋት ወደ ክብነት ትጠጋለች። የታችኛው ዙሪያዋ ከዓይንዎ ትክክል ይበልጥ ዝቅ ስለሚል ከአፏ ይልቅ ይጎብጣል፤ ጠፍጣፋ ረከቦት ላይ መቀመጧን እያሰብን ሥሯን በማስመሪያ እንደተሰመረ ቀጥ የምናደርገው ግን ብዙዎቻችን ነን። ቡናው እስኪፈላ ድረስ ሦስት ሲኒ ይነደፋል።

ከእነዚህ ጎን ለጎን ወረቀቱን ፈጽሞ ሳያዩ መሣልን ይሞክሩ። ዓይንዎን በግራ እጅዎ ጣት ጠርዝ ላይ አሳርፈው ጉንዳን በዚያ ጠርዝ ላይ የምትሄደውን ያህል በዝግታ ይከተሉ፤ እርሳሱም በዚያው ፍጥነት ይሂድ። ውጤቱ ጣት አይመስልም፣ እንዲመስልም አይጠበቅም። ይህን የምመክርዎት በተለይ ስለ ዕፍረትዎ ነው፤ ማንም ሰው ሊያምር ይገባል የማይለው፣ እርስዎም ሊያምር ይገባል የማይሉት ሥዕል መሥራት እጅን ያፍታታል፤ ዓይንንም ከችኮላ ይገታዋል።

ስለ ዕቃው ብዙ አልልም። የቀለም እርሳሱን ለልጅዎ ይስጡት ወይም ቁም ሣጥን ውስጥ ይቆይ፤ ቀለም ገና ያልተፈታ ጥያቄ ላይ ሌላ ጥያቄ ይጨምርብዎታል። የእርሳስ ማዕድኑ ግራፋይትና ሸክላ ተደባልቆ የሚሠራ ሲሆን ሸክላው በበዛ ቁጥር እርሳሱ ይጠነክራል፣ ይነጣልም፤ ስለዚህ ለጽሕፈት ከምንጠቀምበት «ኤችቢ» ከተባለው እርሳስ ይልቅ ሸክላቸው ያነሰው፣ ለስለስና ጠቆር ያሉት «2ቢ» እና «4ቢ» ለጥላ ይመቻሉ። ያ የገዙት ደብተር የሚያስፈራዎት ምናልባት ውድ ስለሆነ ነው፤ ተራ ባለ 80 ግራም የፎቶ ኮፒ ወረቀት ይጠቀሙ፣ በቢሮዎ የተበላሸ ወረቀት ጀርባም ቢሆን ይበቃል። የጅማ ክረምት ወረቀትን ያረጥበዋል፤ የረጠበ ወረቀት ደግሞ እርሳሱን አይቀበልም፣ ቶሎም ይሻክራል፤ በፌስታል ጠቅልለው ያስቀምጡት። ላጲሱን ለጥቂት ሳምንታት ከቤት ያርቁት፤ የተሳሳተው መስመር እዚያው ቢቆይ ሁለተኛውን የት እንደሚያሰምሩ ያሳይዎታል፣ ካጠፉት ግን ያንኑ ስሕተት በዚያው ቦታ መድገምዎ አይቀርም። ሰዓቱን በተመለከተ፣ በየቀኑ 20 ደቂቃ መሥራት እሑድ ሙሉ ከሰዓት በኋላ ከመቀመጥ የተሻለ ነው። ለባለቤትዎና ለልጆችዎም «ይህ ሰዓት የእኔ ነው» ብለው አስቀድመው ቢነግሯቸው፣ በየጊዜው ከመደበቅ ያድንዎታል።

ስለ ባልደረባዎ አንድ ነገር ልበል። «አንቺ ትሥያለሽ እንዴ?» የሚለው አነጋገር በእኛ አገር አድናቆት ነው እንጂ ፌዝ አይደለም፤ ወረቀቱን ያስቀደደዎት የባልደረባዎ ድምፅ ሳይሆን በዚያ በዓል የሰሙት ሳቅ ነው። ቢሆንም ለጊዜው ሥዕልዎን ለማንም አለማሳየትዎን እደግፋለሁ፤ ምክንያቴ ግን ከእርስዎ ይለያል። «ጎበዝ!» የሚለው ምስጋናም ከዚያ ሳቅ ብዙም አይሻልም፤ ምስጋናውም ሆነ ሳቁ የሥዕሉ ዓይኖች የት ላይ እንደተሳሳቱ አይነግሩዎትም። በማኅበራዊ ሚዲያም አይለጥፉት። በአንድ ደቂቃ ውስጥ ፊት ሲጠናቀቅ የሚያሳዩት ተንቀሳቃሽ ምስሎች ለሰዓታት የተሠራን ሥራ አፍጥነው የሚያቀርቡ ስለሆኑ ራስዎን ከእነርሱ ጋር ማወዳደር ፍትሐዊ አይሆንም።

አዲስ አበባ ሄዶ መማርን በተመለከተ አሁን አይደለም እላለሁ። በሠዓሊ አለ ፈለገ ሰላም መሥራችነት በ1950 ዓ.ም. የተከፈተውና ዛሬ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር በስማቸው የሚጠራው የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ሥዕልን መተዳደሪያቸው ለማድረግ ለቆረጡ ሰዎች የተዘጋጀ ነው፤ ከጅማ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዞ፣ ሥራና ልጆችን ትቶ የሚገባበት ምክንያት በደብዳቤዎ ውስጥ አላየሁም። በማንኛውም የሥዕል ትምህርት ቤት ጅማሬ ላይ የሚሰጠውም ቢሆን ከላይ የዘረዘርኩት ነው፤ መለካት፣ ባዶውን ማየት፣ ጥላን መለየት። በሥራ ጉዳይ አዲስ አበባ በሄዱ ጊዜ ግን ብሔራዊ ሙዚየም ገብተው ሥዕሎቹን በቅርበት ይመልከቱ፤ የሕትመት ቅጂ የሚደብቀውን የብሩሽ ዱካና የእርማት ምልክት ያገኛሉ፣ ትላልቆቹም ሠዓሊዎች መስመር ያነሡና ይጥሉ እንደነበር ያያሉ። በጅማም ቢሆን ከጥቂት ወራት በኋላ አንድ የሥዕል መምህር ፈልገው በወር አንድ ጊዜ እርማት ቢያገኙ ይበቃዎታል። ሲመርጡ የሚያሞግስዎትን ሳይሆን በጣቱ ጠቁሞ «ይህ እግር አጥሯል» የሚልዎትን ይምረጡ።

ጂሬን ያለውን የአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት መሣል እንደሚመኙ በደብዳቤዎ ግርጌ ጽፈዋል። ምኞቱ መልካም ነው፤ ነገር ግን በርጩማውን ሳይጨርሱ ወደ ኮረብታው አይውጡ። ያ የእንጨት ሰገነት እየራቀ ሲሄድ ቋሚዎቹ እያነሡና እየተቀራረቡ ስለሚታዩ፣ የርቀት ሕግን ላልለመደ ዓይን የአንድ ቀን ሽንፈት ነው፤ አሁን ደግሞ ሌላ ሽንፈት አያስፈልግዎትም። ሐሙስ በሚቆመው የሒርማታ ገበያ መካከል ቆሞ መሣልም እንዲሁ ይቆይ፤ ሰው ይከብብዎታል፣ ልጆች በትከሻዎ ላይ ሆነው አስተያየት ይሰጣሉ፣ ያ የበዓል ቀን ሳቅ ይመለስብዎታል። ከዚያ ይልቅ ገበያውን ከአንድ ፎቅ ካፌ መስኮት ወደ ታች እያዩ ቅርጫቶችንና የተደረደሩ በርጩማዎችን ቢነድፉ ማንም አያስተውልዎትም።

የአክስትዎን ፊት እንደገና ይሞክሩት፤ ግን ከዚያው ጉርድ ፎቶግራፍ ላይ አይሁን። ፊት ለፊት በበራ ብርሃን የተነሣ ፎቶ ጥላን ስለሚያጠፋ አፍንጫው የት እንደሚያበቃ፣ ጉንጩ የት እንደሚታጠፍ የሚነግርዎት ነገር አይኖርም፤ በ16 ዓመትዎ ያን ያህል የጠቆሩ መስመሮች እንዲያሰምሩ ያስገደደዎትም ይህ ሊሆን ይችላል። አክስትዎ አጋሮ እንደሚኖሩ ጽፈዋል፤ ቅርብ ነውና በሚቀጥለው ጉብኝትዎ መስኮት አጠገብ ባሉበት ሰዓት ፈቃዳቸውን ጠይቀው ይቀመጡ። መጀመሪያ የጭንቅላታቸውን ቅርጽ እንደ አንድ ትልቅ እንቁላል በቀላሉ አስቀምጡ፤ ሻሽ ወይም ነጠላ ካሰሩ የጨርቁን ከፍታ ሳይሆን የአናታቸውን ቦታ ገምተው ይለኩ፤ ቁመቱን በእርሳስዎ ለክተው ለሁለት ይክፈሉና የዓይን መስመሩን እዚያ ላይ ያሳርፉ። በሁለቱ ዓይኖች መካከል የአንድ ዓይን ያህል ስፋት መኖሩን ያረጋግጡ። ከአፍንጫ ወደ ከንፈር የሚወርደውን ጥላ በእርሳሱ ጎን ይዳብሱት እንጂ በጫፉ አያሰምሩት። አሁን ዕድሜያቸው ስለገፋ በእርግጥም አያት ሊመስሉ ይችላሉ፤ ይህ ግን የእርስዎ ጥፋት አይሆንም።

በየገጹ ሥር ቀኑን ይጻፉና አንዱንም ሳይጥሉ ወረቀቶቹን በአንድ ፋይል ውስጥ አስገብተው ያቆዩአቸው፤ ሁለት ወር እስኪሞላ ድረስ ወደ ኋላ አይገልብጡ። ከዚያ በኋላ የመጀመሪያውንና የመጨረሻውን በርጩማ ጎን ለጎን አስቀምጠው ፎቶ አንሥተው ቢልኩልን በደስታ እንመለከታቸዋለን፤ በምትልኩት ደብዳቤ ላይ ግን «ያምራል ወይ?» ብለው አይጠይቁን፣ «የቱ ጋ ተሳስቻለሁ?» ብለው ይጠይቁን።